«የለም» እና «አይታወቅም»፦ በመረጃ ቋት ዝውውር ጊዜ የባዶ ጽሑፍና የኑል ጉዳይ



አንድ የሕክምና መዝገብ ጸሐፊ የበሽተኛውን ካርድ በሚሞላበት ጊዜ «የማይስማማው መድኃኒት» በሚለው ሥፍራ ምንም ሳይጽፍ ቢያልፍ፥ ክፍት የቀረው ቦታ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በሽተኛው ተጠይቆ «የለም» ብሎ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ አልተጠየቀም። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒት ለሚያዝዘው ሐኪም ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ያህል ነው። ብዙዎቹ የመረጃ ቋቶች ይህን ልዩነት ለመያዝ የሚያስችሉ ሁለት ነገሮች አሏቸው። አንደኛው ባዶ ጽሑፍ፥ ይኸውም አንድም ፊደል የሌለው፥ ነገር ግን የተመዘገበ መልስ ነው። ሁለተኛው ኑል፥ ይኸውም መልሱ አለመኖሩን የሚያመለክት ምልክት ነው።

የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ በሠንጠረዦች ላይ የተመሠረተውን የመረጃ አያያዝ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበ በኋላ፥ በ1979 ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ የኑልን ጠባይ ተንትኗል። በዚህ ትንተና መሠረት ኑል የገባበት ንጽጽር «እውነት» ወይም «ሐሰት» ሳይሆን ሦስተኛ መልስ፥ ማለትም «አይታወቅም» ይሰጣል። ስለዚህ ኑል ከኑል ጋር እንኳ እኩል ነው ሊባል አይቻልም።

ችግሩ የሚነሣው ሁሉም ሥርዓቶች ነገሩን በአንድ ዓይን ባለማየታቸው ነው። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን እንደ ኑል ይቆጥረዋል፤ ፖስትግሬስ ግን ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል።

ከኦራክል ወደ ፖስትግሬስ በሚደረግ ዝውውር መረጃው ራሱ ያለ ችግር ይሻገራል፤ ጣጣው የሚመጣው ከፕሮግራሙ ነው። ቀድሞ ባዶ ጽሑፍ ሲልክ ኦራክል ወደ ኑል ይለውጥለት የነበረው ፕሮግራም፥ አሁን የላከው እንዳለ ይቀመጥበታል። በዚህም የተነሣ የቀድሞዎቹ ረድፎች ኑል፥ አዲሶቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ኑሎችን ብቻ የሚፈልግ ጥያቄም አዲሶቹን አያገኛቸውም። እንዲሁም መሞላት ግዴታ የሆነበት ዓምድ በኦራክል ባዶ ጽሑፍን ይመልስ ነበር፤ በፖስትግሬስ ግን ይቀበለዋል፤ ጠባቂው ሳይታወቅ ከበሩ ተነሣ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ነገር ነው። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ሙሉ ስም የራሱን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም በማያያዝ ይጻፋል። የአያት ስም ኑል ቢሆን ኦራክል የቀሩትን ሁለቱን አያይዞ ይሰጣል። በፖስትግሬስ ግን በማያያዣው ምልክት ከኑል ጋር የተያያዘ ጽሑፍ ሁሉ ኑል ይሆናል። ስለዚህ አያቱ ያልተመዘገበለት ሰው የራሱንና የአባቱን ስም ጭምር ተነፍጎ፥ በደመወዝ ወይም በፈተና ዝርዝር ላይ ስም የለሽ ሆኖ ይወጣል።

የተገላቢጦሹ መንገድ ደግሞ የማይመለስ ጥፋት አለበት። ከፖስትግሬስ ወደ ኦራክል ሲዛወር «የለም» እና «አልተጠየቀም» አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ከሠንጠረዡ ብቻ መልሶ መለየት አይቻልም። በመካከል የሚገኘው ማጓጓዣ ፋይልም ጥንቃቄ ያሻዋል። ፖስትግሬስ በኮማ የተለየ ፋይል ሲያነብ፥ በሁለት ኮማዎች መካከል ምንም ከሌለ ኑል ነው ይላል፤ ባዶ የጥቅስ ምልክት ካለ ግን ባዶ ጽሑፍ ነው ይላል። ፋይሉን ከፍቶ የጥቅስ ምልክቶቹን የሚጥል ሌላ ፕሮግራም በመካከል ቢገባ ልዩነቱ በዚያው ይጠፋል።

መፍትሔው ከዝውውሩ በፊት ይጀምራል። በእያንዳንዱ ዓምድ ስንት ኑል፥ ስንት ባዶ፥ ስንትስ ክፍት ቦታ ብቻ የያዘ ረድፍ እንዳለ ይቆጠር፤ ከዝውውሩ በኋላም ቆጠራው ተደግሞ ይነጻጸር። የባዶነቱን ትርጉም የሚወስነው የኮምፒዩተር ባለሙያው ሳይሆን መረጃውን የሚሠራበት ክፍል ነው። ልዩነቱ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ «ተጠይቋል» ወይም «አልተጠየቀም» የሚል ራሱን የቻለ ዓምድ ይበጅለት፤ አስፈላጊ ካልሆነ ደግሞ ባዶ ጽሑፍ እንዳይገባ በሠንጠረዡ ላይ ገደብ ይደረግ። ስሞችን የሚያያይዙ ትእዛዞችም አንድ በአንድ ይፈተሹ።

መዝገብ ጸሐፊው ዝም ብሎ ያለፈውን ሥፍራ ሐኪሙ ቢጠራጠር በሽተኛውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።