የማድ ቤቱ ጢስ በማን መዝገብ ይጻፍ?



አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ዛሬ የማቀርበውም ጉዳይ ከሥሩ መታየት የሚያሻው ነው፤ ይኸውም የጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ወደ አየር የሚለቁትን የሙቀት አማቂ ጋዝ እንዴት እንለካለን፣ የነገውንስ እንዴት እንገምታለን የሚለው ጥያቄ ነው።

የአገሪቱ ጠቅላላ ስሌት የታወቀ ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት የእ.ኤ.አ. 2010ን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል አድርጎ ገምቶ፣ በነበረው አኳኋን ከተቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ አመልክቷል። ከመነሻው ልቀት ከ85 በመቶ የሚበልጠው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን መመናመን የመጣ ነው። አገራዊው ስሌት ግን ለአንዲት ከተማ በቀጥታ አይሠራም።

ለከተሞችና ለማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የቆጠራ ደንብ ልቀትን በሦስት ይከፍላል፤ በክልሉ ውስጥ የሚለቀቀውን፣ ከመረብ የተገኘ ኤሌክትሪክ የሚያስከትለውን፣ እንዲሁም በከተማው ምክንያት ከክልሉ ውጭ የሚለቀቀውን። ይህ ደንብ በጎንደር ላይ ሲውል እንግዳ ውጤት ይሰጣል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ሁለተኛው ክፍል ባዶ ለመሆን ይቀርባል። ማገዶ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ከድምሩ አይገባም፤ ዛፉ መልሶ ቢበቅል ጋዙን ይወስደዋል፣ ባይበቅል ግን ጉድለቱ ዛፉ በተቆረጠበት መሬት ይቆጠራል ተብሎ ይታሰባልና።

እንግዲህ አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድ 1.75 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በከተማው እንጀራ የሚጋገርበት እንጨት ከወገራ የመጣ ቢሆን ከተማው ከድምሩ አያስገባውም፤ ወረዳውም የራሱ ቆጠራ ከሌለው የሚጽፈው የለም። ዛፉ ጠፍቶ ሳለ በመዝገብ ምንም እንዳልሆነ ይቆጠራል።

በደጋው በኩል ያለው አደጋ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ በአፍሪካ ለወተት የማትውል አንዲት የቀንድ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ሜቴን ይታሰብባታል። ይህ በ28 ሲባዛ ከ868 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይመጣጠናል። የደባርቅ ገበሬ በሬ ግን አራሽም ወቂም ነው፤ ያ አማካይ ቁጥርም የዚህን በሬ ክብደትና መኖ አይቶ የወጣ አይደለም። ስለሆነም በቦታው ሳንለካ ገበሬውን ባለዕዳ ብናደርገው ፍርዱ የተዛባ ይሆናል።

ትንበያውም በሕዝብ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ጎንደር በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 112,249፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 207,044 ሰዎች ነበሩባት፤ ዕድገቱ በዓመት 5 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ቢቀጥል ሕዝቡ በ15 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዕድገቱ 3 በመቶ ቢሆን ግን 23 ዓመት ይፈጃል። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞንም በሦስት ስለተከፈለ የያኔው የዞን አኃዝ ከዛሬው ወሰን ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ትንበያ የሚያቀርብልን ቢኖር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት አብሮ እንዲያሳየን እንጠይቀው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከተማውና ደጋው በአንድ መዝገብ ይቆጠሩ። እንጨቱ፣ ከሰሉና ኩበቱ በየቤቱ በበጋም በክረምትም ይመዘን፤ የተተከለው ባሕር ዛፍም ከተቆረጠው ጎን ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ የማሠልጠን የቆየ ልማድ ስላለው፣ ቤት ለቤት መጠየቅ ለከተማይቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለማን ይድረስ፣ ችግኝ የት ይተከል የሚለው ውሳኔ ሁሉ በዚህ መዝገብ ላይ ይመሠረታል። ሚዛኑ ከተሳሳተ ገንዘቡም ወቀሳውም ወደማይገባው ሰው ይሄዳል። ሚዛኑን የማቅናቱ ሥራ የሙያችን ግዴታ ስለሆነ፣ ማኅበራችን እንዲነጋገርበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።