ቆሻሻ ሰብሳቢው ስንት ሠራተኛ ይበቃዋል?



በጎጃም አውድማ ላይ ጤፍ ያበራየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወንፈል ሥራን የሚያፈጥነው አውድማው እስከሚችለው ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣው ሰው ይጋፋል እንጂ አይሠራም። የዛሬው ርእሴም ይኸው ነው።

ጆን ማካርቲ በ1959 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሊስፕ ቋንቋ የቀየሰው፣ የማይፈለግ ማህደረ ትውስታን በራሱ የሚያስለቅቅ ዘዴ ዛሬ በጃቫ በብዙ ትሬዶች ይከናወናል። የአገራችን የጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ ነውና ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ሆትስፖት የተሰኘው የጃቫ ማስኬጃ የሰብሳቢ ትሬዶችን ብዛት በኮር ቁጥር ይወስናል። እስከ 8 ኮር ድረስ ለእያንዳንዱ አንድ ትሬድ ይመድባል፤ ከ8 በላይ ላሉት ኮሮች የቁጥራቸውን 5/8ኛ ይጨምራል። ስለዚህ 32 ኮር ላለው ሰርቨር 23 ትሬድ ይደርሰዋል። ስሌቱ ግን ማሽኑ የአንድ ፕሮግራም ብቻ እንደሆነ ያስባል። አምስት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ቢሰበስቡ 115 ትሬዶች በ32 ኮር ላይ ይሻማሉ። ፕሮግራሙ ቆሞ በሚጠብቅበት በዚያ ቅጽበት ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው የመጨረሻውን ዘገምተኛ ትሬድ ነው።

ከዓመታት በፊት የአንድ ተቋም የተማሪዎች ምዝገባ ሥርዓት ለሰከንዶች እየቆመ አስቸገረ። እኔም ሳልለካ «ትሬድ ይጨመር» ብዬ መከርሁ፤ ባሰበት። ኋላ ስንመረምር ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮንቴይነር የተፈቀደለት 2 ኮር ብቻ ነበር። የጃቫው እትም አሮጌ ስለነበረ ግን የሰርቨሩን ኮሮች በሙሉ እንደ ራሱ ይቆጥር ነበር። ጃቫ በራሱ የኮንቴይነርን ገደብ እንዲያከብር የተደረገው በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ10ኛው እትም ጀምሮ ነው፤ ለ8ኛውም እትም በኋላ ተጨምሮለታል። የትሬዱን ቁጥር ወደ 2 ስናወርደው መቆሙ አጠረ።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ የምትወስዱት አሠራር ቀላል ነው። የሰብሳቢው ሎግ ዩዘር፣ ሲስ እና ሪል የተባሉ ሦስት ጊዜያትን ይመዘግባል። ዩዘርን ለሪል ብታካፍሉ በአማካይ ስንት ኮር በእርግጥ እንደሠራ በግምት ታገኛላችሁ። ውጤቱ ከትሬዶቹ ቁጥር እጅግ ካነሰ፣ ሠራተኞቹ ተራ እየጠበቁ ወይም ሥራ አጥተው እንደሆነ ጠርጥሩ። ከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጡ፤ እንደገና ለኩ።

በዚያ ሰሞን በምዝገባ መስኮት ፊት ለፊት የተሰለፉት ተማሪዎች የከፈሉት የእኔን ግምት ዋጋ ነው። እናንተ ከመምከራችሁ በፊት ለኩ።