የቮልሱ ቀለም ወደ ቤት አይግባ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የጊንጆ የሥራ ቡድን አባላት ነን። ብዙዎቻችሁ በበርበሬና በሽሮ ነው የምታውቁን፤ አሁን ግን የአሮጌ ቮልስ ቀለም እንፍቃለን። አንዳንዶቻችሁ እንደሳቃችሁ ሰምተናል፤ ሥራው ግን ይከፍላል። የሚከፍልበትንም ምክንያት መናገር ይገባናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ ያዘ፣ ማሳደስም ጀመረ። ቮልስ ደግሞ አዲስ አይገኝም፤ የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው።

ባትላሜራዎቹ የተጎዳውን ላሜራ ይቀጠቅጣሉ፣ ይበይዳሉ፣ ይቀባሉ። መፋቁ ግን ጊዜ ይበላል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እሱን ለእኛ ይሰጡናል። የቮልስ ደግነቱ መፈታቱ ነው። ጎማውን የሚሸፍኑት አራቱ ፓርፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። በሮቹም፣ የፊቱም የኋላውም ኮፈን ይወጣሉ። (ሞተሩ ከኋላ መሆኑን ስናይ መጀመሪያ እኛም ገርሞናል።) አንድ ፓርፋንጎ በጀርባ ተሸክሞ ቤት ድረስ መውሰድ ይቻላል።

ዛሬ እዚህ የቆምነውም ለዚሁ ነው። ባለፈው ስብሰባ «እያንዳንዳችን ፓርፋንጎ ወደ ቤታችን እንውሰድ፣ ልጅ እየጠበቅን፣ ወጥ እየሠራን እንፋቅ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ከችግር የመጣ ነው፤ ቤቷን ትታ መውጣት የማትችል እናት እንዳለች እናውቃለን። እኛ ግን አንስማማም።

ምክንያቱ እርሳስ ነው። እርሳስ ስንል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም፤ የዚያ ውስጡ ግራፋይት ነው። ከባዱን ብረት ማለታችን ነው። በድሮ ቀለሞች፣ በተለይ በቢጫው፣ በቀዩና በብርቱካንማው ጸረ ዝገት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ዛሬ በሀገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም፤ ቮልሶቹ ግን የተቀቡት ይህ ሁሉ ሳይታሰብ ነው። አንዱን በር ስንፍቅ ከነጩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ አግኝተናል። የትኛው ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም፤ ሁሉንም እንደ መርዝ እንይዘዋለን።

በደረቁ ሲፈቀፈቅ ዱቄት ይሆናል። ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም ያን ዱቄት አያግድም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ከሁሉ የሚጎዳው ሕፃን ነው፤ አእምሮው ገና እያደገ ነው፣ መሬት ላይ ይድሃል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። እርሳስ ደግሞ ጣፋጭነት ስላለው የቀለም ቅርፊት ያገኘ ልጅ ደግሞ ይልሳል። በእናት አጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ተመልሶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡርም አራስም እዚህ ሥራ ላይ አናሰማራም። ለእነሱ የሒሳቡንና የርክክቡን ሥራ ሰጥተናል፤ ክፍያው እኩል ነው።

ግቢያችንንም አስቡት። ዶሮዎቻችን አፈሩን ይጭራሉ፤ አፈሩ ውስጥ የገባ እርሳስ እንቁላሉ ውስጥ ይገኛል። ቡና በሚደርስበት ወቅት ደግሞ ስንቶቻችን ነን በዚያው ግቢ ቡና የምናሰጣ? የጅማ ሰው ለቡናው ካልተጠነቀቀ ለምን ይጠነቀቃል!

አሁን የምንሠራው በአንድ መጠለያ ሥር ነው። መሬቱ ላይ ሸራ ይነጠፋል። ላሜራው በውሃና በጥቂት ሳሙና እየራሰ፣ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፣ ከዚያ በ180፣ በመጨረሻ በ320። የራሰ ቀለም አይቦንም። ግራይንደር ይፈጥናል፤ ነገር ግን ዱቄቱን ሰፈር ሙሉ ይበትነዋል፣ ሙቀቱም እንደ ኮፈን ያለውን ሰፊ ላሜራ ያጣምመዋል። አንድ ደንበኛ «በግራይንደር ጨርሱልኝ፣ እጨምራለሁ» ብሎ ነበር፤ አልተቀበልነውም፣ ሥራውንም ወሰደብን። በእሳት ማቃጠልማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጭሱ ከዱቄቱ ይብሳል። ቀለም አስለቃቂ ኬሚካልም ቢሆን በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሜቲሊን ክሎራይድ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ቤት ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ሰው ገድሏል።

ውሃ መጠቀም ግን የራሱ ጣጣ አለው። በጅማ ክረምት ራቁቱን ያደረ ላሜራ ጠዋት ዝጎ ይገኛል። ስለዚህ በዚያው ቀን አድርቀን፣ በቲነር ወልውለን፣ ጸረ ዝገት የምንቀባውን ያህል ብቻ እንፍቃለን፤ ሁለት ሰው በቀን አንድ ፓርፋንጎ። የቆሸሸውን ውሃ አዌቱ ወንዝ አንደፋም። በርሜል ውስጥ ይዘቅጣል፣ ላይኛው ለነገው ሥራ ይመለሳል፣ ዝቃጩ ደርቆ በተከደነ ቆርቆሮ ተቆልፎ ይቀመጣል። የሥራ ልብስ እዚያው ይወልቃል፣ ለብቻው ይታጠባል። ቡና የሚፈላው እጅና ፊት ከታጠበ በኋላ፣ ከመጠለያው ርቆ ነው።

ቤቷን ትታ መውጣት ላልቻለችው እህታችን መልሳችን ፓርፋንጎ መላክ አይደለም፤ ከመጠለያው ራቅ ያለ የልጆች ማቆያ ክፍል ነው። ድጋፍ ለምታደርጉልን እንግዶች የምናቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ለዚያች ክፍል ኪራይ፣ ረቂቅ ብናኝ ለሚያግድ ማስክ፣ ለአንድ ተጨማሪ በርሜል።

ከአጋሮ የመጣው ቮልስ ሁለት የኋላ ፓርፋንጎዎች አሁን መጠለያው ውስጥ ናቸው፤ ክረምቱ ሳይጠነክር ማለቅ አለባቸው። ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ኑ። ልጆቻችሁን ግን በሩ ላይ አስጠብቁ።