ሰባኪውና ወይን ጠጅ ቤቱ፤ የኡርዱን ግጥም ስለ መተርጐም



በሰሜን ሕንድ በኡርዱ ቋንቋ የተጻፉትን የቀድሞ ግጥሞች የሚያነብ እንግዳ ሰው አስቀድሞ የሚያስደንቀው ነገር አለ። ባለቅኔዎቹ አብዛኞቹ የእስልምና ተከታዮች ሳሉ በሼኩና በሰባኪው ያፌዛሉ፤ መስጊዱን ትተው ወይን ጠጅ ቤቱን ያመሰግናሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከሃዲዎች ነበሩን? ወይስ ወይኑ የመለኮት ፍቅር ምሳሌ ነው?

ገዘል የተባለው ግጥም በሁለት በሁለት መስመር የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ጥንድ ራሱን ችሎ ይቆማል። አሳብን በዚህ ጠባብ ስፍራ ለሚቋጥር ባለቅኔ የቋንቋው ጠባይ ያግዘዋል። የኡርዱ ተውላጠ ስም «እርሱ»ንና «እርስዋ»ን ስለማይለይ፥ ተወዳጁ ሰው ይሁን ፈጣሪ ቃሉ አይገልጥም። ግጥሙም በቀድሞ ልማድ ያለ ሥርዓተ ነጥብ ይጻፍ ነበር። እንግዲህ አንዱ ባለቅኔ የሰባኪው ምክር ምን ያህል ጠቀመን ቢል፥ ማመስገኑ ነው፥ መጠየቁ ነው፥ ወይስ ማላገጡ?

የአገራችን አንባቢ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅን ማሰቡ አይቀርም፤ ዝምድናውም እውነት ነው። ነገር ግን በሰምና ወርቅ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ በገዘል ብዙ ጊዜ የትኛው ሰም የትኛው ወርቅ እንደ ሆነ ሳይለይ ሁለቱም ጸንተው ይኖራሉ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1797 ዓ.ም. በአግራ ተወልዶ በ1869 ዓ.ም. በዴልሂ የሞተው ሚርዛ ጋሊብ መጠጥ መውደዱን አልሸሸገም። ከ1857 ዓ.ም. ዐመፅ በኋላ አንድ የእንግሊዝ መኰንን ሙስሊም መሆኑን ቢጠይቀው፥ ወይን ስለሚጠጣ፥ የዐሣማ ሥጋ ግን ስለማይበላ፥ ግማሽ ሙስሊም መሆኑን እንደ መለሰለት ደቀ መዝሙሩ ሃሊ ጽፎአል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሪያዝ ኸይራባዲ ደግሞ ስለ ወይን እጅግ ብዙ ገጥሞ ሳለ አንድም ቀን እንዳልቀመሰ ይነገርለታል። ጠጪውም ያልጠጣውም በአንድ ዓይነት ቃል ከገጠሙ፥ ግጥሙን የባለቅኔው ኑዛዜ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

የግጥሙ ሰባኪም አንድ የታወቀ ሰው አይደለም፤ ራሱን አጽድቆ በሌላው ላይ የሚፈርድ ግብዝ ምሳሌ ነው። ጠጪው በአንጻሩ ኃጢአቱን የማይሸሽግ ሰው ነው።

ስለዚህ ተርጓሚው ከሁለት ችኮላ ይጠበቅ። ሁሉን ክሕደት የሚል ምሥጢሩን ያጣል፤ ወይኑን ሁሉ ወደ ጸሎት የሚለውጥም የፌዙን ስለት ያደንዛል፤ ከባለቅኔዎቹ ጥርጣሬ አንዳንዱ እውነተኛ ነውና። ሁለቱን ፍች አብሮ መያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንዲት ቃል ተነሥቶ በባለቅኔው ሃይማኖት ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል አንባቢ ግን፥ ሳያውቀው በግጥሙ ውስጥ ገብቶ የሰባኪውን ወንበር ይይዛል።