በኢንተርኔት ስለ መጠበቅ የሚነገሩ ቃላትና ትርጉማቸው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሁላችን በእጃችን ከምንይዘው ስልክ ጋራ ስለሚገናኙ ጥቂት ቃላት ነው። ቃላቱን ዘወትር እንሰማቸዋለን፤ ትርጉማቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቃሉን ያልተረዳ ሰው «እስማማለሁ በል» ሲሉት ይስማማል፤ «ቍጥሩን ንገረኝ» ሲሉትም ይናገራል። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብም የክብርም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ደኅንነትንና ግላዊነትን እንለይ። ደኅንነት እንደ በር ቍልፍ ነው፤ ሌባ እንዳይገባ ይከለክላል። ግላዊነት ግን እንደ መስኮት መጋረጃ ነው፤ የቤታችንን ነገር ማን ሊያየው እንደሚገባ የምንወስነው እኛ ነን ማለት ነው። በሩ ተቈልፎ መጋረጃው ተገልጦ ሊያድር ይችላል። እንደዚሁም አንድ ኩባንያ መረጃችንን ከሌባ እየጠበቀ ራሱ ግን ሊመለከተው ይችላል።

ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። ይህ ነገር ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፥ የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዝዙት ነበር፤ ኤፍሬማዊው «ሲቦሌት» ስለሚል ይታወቅ ነበር። ወደ ኮምፒውተር የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ሲሠሩ የእያንዳንዱ መዝገብ እንዲለይ ነው። ባለ 4 አኃዝ ምስጢር 10,000 ዓይነት፥ ባለ 6 አኃዝ 1,000,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። የልደት ዘመኑን ምስጢር ያደረገ ሰው ግን ለሚያውቁት ሁሉ በሩን ከፈተ። ለየበሩም ልዩ ልዩ ቍልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው እንዲተርፍ።

ሦስተኛው ሁለተኛ ማረጋገጫ ነው። ይኸውም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ወደ ባለቤቱ ስልክ የሚላክ ቍጥር ነው። ሌባ ይህን ቍጥር መስበር ስለሚከብደው ባለቤቱን መለመን ይመርጣል። ይህ ማታለል ፊሺንግ ይባላል፤ ስሙ ከዓሣ ማጥመድ የመጣ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል»፤ «ከባንክ ነው የምደውለው» የሚለው ቃል በመንጠቆው ላይ ያለ ትል ነው። አባቶቻችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዳሉት፥ የተነገረ ቍጥር አይመለስም። ማንም ቢጠይቅ ምስጢር ቍጥር አይነገርም።

አራተኛው ኢንክሪፕሽን ነው፤ ጽሑፍን ቍልፍ ለሌለው ሰው እንዳይነበብ አድርጎ መለወጥ ማለት ነው። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቦታ ያሳልፍ ነበር። እኛም በሀ ለ ሐ መ ተራ ብንሞክረው «ሰላም» የሚለው «በሣስ» ይሆናል። የዛሬው ስሌት ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚባለው ዓይነት መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር አስተላላፊው ድርጅት እንኳ እንዳያነበው ያደርጋል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለመልእክቶቹ ሁሉ ይህን አድርጓል፤ በቴሌግራም ግን እንዲህ የሚጠበቀው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለው ክፍል እንጂ የዘወትሩ ጽሑፍ አይደለም። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ የልባችንን እንጽፋለን።

አምስተኛው ኩኪ ነው። ትርጉሙ ብስኩት ቢሆንም የሚበላ አይደለም፤ የጐበኘነው ገጽ በመሣሪያችን ላይ የሚያኖረው ትንሽ ማስታወሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈጠር ደንበኛውን ለማስታወስ ነበር፤ ኋላ ግን የሰውን ፈለግ ከገጽ ወደ ገጽ ለመከተል ማስታወቂያ ነጋዴዎች ተጠቀሙበት።

በአገራችንም የግል ሕይወት በሕግ የተጠበቀ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ይህን መብት ደንግጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዳችንን አፍ ሊይዝ አይችልም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በየቤታችን የእናታችንን ስልክ የምናስተካክል፥ የአያታችንን መልእክት የምናነብ እኛ ነን። የገንዘባቸውን ምስጢር ቍጥርም ብዙ ጊዜ የምናወጣላቸው እኛ ነን። ከእንግዲህ መንገዱን አሳይተን ቍጥሩን ራሳቸው ሲመርጡ ፊታችንን እንመልስ። ምስጢራቸውን በማወቅ ሳይሆን ምስጢራቸውን እንዲጠብቁ በማስተማር እናክብራቸው። የተማረ ሰው ለቤተ ሰቡ የሚከፍለው ብድር ይህ ነው።

ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ለብዙ ዘመን ያኑርልን።