የእናቶቻችንን ወረቀት ማን ያንብብላቸው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚነሳ፣ በአንዳንዱ ቤትም ከነጭራሹ የማይነሳ ጉዳይ ነው። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ፣ እድሜያቸው የገፋ እናቶቻችን ከካንሰር ምርመራ ለምን እንደሚርቁ፣ ቤተሰብም ምን ማድረግ እንደሚገባው እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።

በመስጂድ አገልግሎት ላይ ያለን ሰዎች ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። አንዲት እናት በልጃቸው ወይም በጎረቤታቸው በኩል ይልካሉ፦ «የወር አበባዬ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን ደም አያለሁ። ሶላቴን እንዴት ላድርግ?» ይህ ደም ሐይድ ነው ወይስ ኢስቲሓዷ በሚለው ላይ ዑለሞች በዝርዝር ተናግረውበታል፤ ጠያቂዋም እንደ ሁኔታቸው መልስ ያገኛሉ። ነገር ግን የሶላቱ ጥያቄ ተመለሰ ማለት የጤናው ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም የማህፀን በር ካንሰር ወይም ሌላ የማህፀን በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የሚደርሰው ዓሊም፣ ኡስታዝ ወይም ኡስታዛ ሁሉ ከሶላቱ መልስ ጋር «ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» የሚለውን አብሮ ሊናገር ይገባል።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ምንድን ነው? የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ 350,000 ያህል ሞተዋል። መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የሚባል ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረ እንደሆነ ግን ቀስ በቀስ የማህፀንን በር ይለውጣል። ለውጡ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ይህ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን ረጅም ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተመረመረች ሴት ካንሰር ሳይሆን በፊት ትታከማለች።

ምርመራውም የሚያስፈራ አይደለም። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በብዙ ጤና ተቋማት የሚሠራበት ዘዴ የማህፀኑን በር እንደ ኮምጣጤ ባለ ቀጭን አሲድ ቀብቶ ማየት ነው። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሕክምናው እዚያው በዚያው ቀን ሊሰጥ ይችላል። እድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ይህ ዘዴ በደንብ ላያሳይ ስለሚችል ባለሙያ ጠይቀው ሌላ ምርመራ ማድረግ አለባቸው። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ደግሞ ሴትየዋ ናሙናውን በራሷ እጅ እንድትወስድ ያስችላል፤ አገልግሎቱ በተጀመረበት ቦታ ለሐያእ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ታዲያ ስንት ሴት ተመረመረች? በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ለምርመራው እድሜ ከደረሱት ሴቶች መካከል ተመርምረው የሚያውቁት ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም ነበር። የሕክምናው ቦታ ማነሱ፣ መንገዱ መራቁ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ማንበብ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ማንበብ የሚችሉት ከወንዶች ከመቶ 69፣ ከሴቶች ግን ከመቶ 42 ብቻ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ካስቆጠራቸው እናቶች ውስጥም ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ በእጃቸው ሳይገባ በመቅረቱ ረስተውታል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ማንበብ አለመቻል እናትን ከምርመራ የሚያርቃት በራሪ ወረቀት ስላላነበበች ብቻ እንዳይመስለን። ከጤና ጣቢያው በር ጀምሮ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። የክፍሉ ቁጥር ጽሑፍ ነው፤ ካርዱ ጽሑፍ ነው፤ የቀጠሮው ቀን ጽሑፍ ነው፤ አንዳንዴም በፈረንጆች አቆጣጠር ይሆናል። ዘበኛውን ደጋግሞ መጠየቅ ያሳፍራታል። ስለ ማህፀኗ የተጻፈውን ውጤት ለወንድ ልጇ ሰጥታ «አንብብልኝ» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ቃሉም ራሱ ያስደነግጣል። በአገራችን «ቫይረስ ተገኘብሽ» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው ኤች.አይ.ቪ. ነው። ኤች.ፒ.ቪ. ከዚያ የተለየ መሆኑን ያላስረዷት እናት «ለስሜ ብዬ» ብላ ዳግመኛ አትመለስም። ካንሰር የሚለው ቃልም ለእርሷ ሞት ማለት ነው። የምታውቃቸው ታማሚዎች ሁሉ ሆስፒታል የሄዱት በሽታው ከጸና በኋላ ነውና፣ ሄደው ሲሞቱ እንጂ ድነው ሲመለሱ አላየችም። «ሳያመኝ ለምን እመረመራለሁ?» የምትለውም ለዚህ ነው።

በምናውቀው አንድ ሰፈር የሚኖሩ እናት ይህን ሁሉ አልፈው ተመርምረው ነበር። ምልክት ታየባቸውና ወደ ሆስፒታል የሚልካቸው ወረቀት ተሰጣቸው። ወረፋ የበዛባት ባለሙያ «ይህን ይዘው ይሂዱ» ከማለት በቀር አላስረዳቻቸውም። እርሳቸውም ምርመራው በሰላም ማለቁን የሚገልጽ ማስረጃ መሰላቸው። በፌስታል ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት። ወረቀቱ የተነበበው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ደም ከጀመራቸው በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ቤት የሚሆን ሌላ ማስረጃ ስትፈልግ ነው። ያን ጊዜ በሽታው በቀላሉ ከሚታከምበት ደረጃ አልፎ ነበር። አላህ ይዘንላቸው። እኚህ እናት ቸልተኛ አልነበሩም። ተመርምረዋል፤ ወረቀታቸውንም እንደ ወርቅ ጠብቀዋል። በቤቱ ውስጥ ሦስት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ «እናቴ፣ ምን አሉሽ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው አላዋቂ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ኡሚይ ነበሩ። እናቶቻችን ስንት ሱራ በጆሯቸው ሰምተው በልባቸው ይዘዋል፤ የዘር ሐረጉን፣ የዕዳውን ሒሳብ፣ የዒዱን ቀን ሳይጽፉ ያውቃሉ። በጆሮ የሚማርን ሰው በጆሮ ማስተማር ነው። ወረቀቱ ወደ ንግግር ይለወጥላቸው።

ሐያእን በተመለከተ፣ የሶሓባ ሴቶች ስለ ደማቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በቀጥታ ይጠይቁ ነበር፤ የፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ጥያቄ በሐዲሥ ኪታቦች ተዘግቦ ይገኛል። ሴት ባለሙያ ከተገኘች እርሷ ትቅደም፤ ካልተገኘች ግን ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ማሳየት በዶሩራ የተፈቀደ መሆኑን ዑለሞች ገልጸዋል። ዱዓና ሩቅያም ሕክምናን አይከለክሉም። ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ የተነገረው ሰው ታሪክ ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? ማንበብ የምትችል ልጅ ወይም ምራት እናቷን ይዛ ትሂድ፤ ምርመራው ክፍል ድረስ ትግባ። ከመውጣታቸው በፊት «የነገሩንን እስቲ በራስሽ አፍ ንገሪኝ» ትበላት፤ ያልገባት እዚያው ይገለጽላት። ቀጠሮው በቁጥር ብቻ አይቅር፤ «ከዒድ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሰኞ» ተብሎ ይነገራት። አባወራዎች የመጓጓዣውን ገንዘብ ሳንጠየቅ እንስጥ። በሳጥን የተቀመጠ የሐኪም ወረቀት ካለ ዛሬውኑ ይውጣና ይነበብ። የሴቶች ሐለቃ ያላቸው መስጂዶችና መድረሳዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋብዘው በቃል እንዲያስረዱ ያድርጉ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የኤች.ፒ.ቪ. ክትባትም አያቶች በደንብ ሰምተው ይወቁት፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያስከትቡት እነርሱ ናቸውና።

አንድ ነገር ደግሞ እናስምርበት። ምርመራ የሚባለው ምንም ሕመም ለሌላት ሴት ነው። ያለጊዜው ደም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ወይም ጡት ላይ እብጠት ያላት ግን እድሜዋ ምንም ያህል ቢሆን፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ።

ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ሕመምተኞችንም የሚረዱ ሶሓቢያ ነበሩ። ለእናታችን ለሐፍሳ (ረ.ዐ.) መጻፍን ያስተማሯቸው እርሳቸው ናቸው። ፊደልና ፈውስ በአንዲት ሴት እጅ ነበሩ። ዛሬም ፊደል የያዘች ልጅ ለእናቷ ልትደርስላት ትችላለች። መድረሳዎቻችንም ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ለእናቶች ፊደል ቢመድቡ፣ ነገ ወረቀታቸውን ራሳቸው ያነቡታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለጤነኞቹ ዓፊያውን ይስጥልን፤ ወላጆቻችንን በሕይወት ሳሉ ለመካደም ይወፍቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።