ከጋውን እስከ መዝገብ፦ የቤተሰብ ሐኪምነት በጆሃንስበርግ

በደቡብ አፍሪካ የጤና ሙያዎች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው፣ የየትኛውንም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ቢይዝ፣ በአገሪቱ በሐኪምነት በሽተኛ ማየት አይችልም። ጽሕፈት ቤቱ ፕሪቶሪያ የሚገኘው ይህ ምክር ቤት የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ ነው፤ ሳይመዘገቡ ማከም ወንጀል ነው። ዛሬ ጋውን የለበሰው ተመራቂም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ጆሃንስበርግ ውስጥ መንገዱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ተማሪው ሶዌቶ ባለው ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት፣ በሻርሎት ማክሴኬና በሄለን ጆሴፍ ሆስፒታሎች ክፍሎች እየዞረ ሙያውን ይለምዳል። ሲመረቅ ሁለት ዓመት ኢንተርን ሆኖ ይሠራል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በማደንዘዣና በቤተሰብ ሕክምና ያልፋል። ቀጥሎ የአንድ ዓመት የማኅበረሰብ አገልግሎት አለ፤ ለሐኪሞች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ለብዙዎች ከከተማ የራቀ የገጠር ሆስፒታል ይደርሳቸዋል። ያማርራሉ፤ ይሁንና ያለ አማካሪ ሐኪም ሌሊት ማዋለድን የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት የለም።

ከዘጠኙ ዓመት በኋላ ሐኪሙ በጠቅላላ ሐኪምነት ራሱን ችሎ መሥራት ይችላል፤ ሰፈሩም የቤተሰብ ሐኪሜ ይለዋል። ክሊኒክ ሲከፍት ሌሎች ወረቀቶች ይከተላሉ። የአገልግሎት መለያ ቁጥር ከሌለው ሜዲካል ኤይድ የሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች ክፍያ አያስተናግዱለትም። መድኃኒት ከክፍሉ ለመስጠት ከጤና መምሪያ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልገዋል። በየዓመቱም 30 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ ማሟላት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ አምስቱ የሥነ ምግባር ናቸው። ይህች የሥነ ምግባር ትምህርት ብዙ ጊዜ እንደ ሥርዓት ብቻ ትቆጠራለች፤ ግን ከቤተሰብ ሐኪም የበለጠ የቤት ምሥጢር የሚሰማ ሐኪም ስለሌለ አስፈላጊነቷ የጎላው ለእርሱ ነው።

የቤተሰብ ሕክምና በስፔሻሊቲነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሐኪም አራት ዓመት በሬጅስትራርነት ይሠለጥናል፣ የማስተርስ ጥናት ይሠራል፣ የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ኮሌጆች የሚያዘጋጁትን ፈተና ያልፋል። ሥራው በወረዳ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ነው። ከባድ ሕመምተኞችን ይመለከታል፣ ወጣት ሐኪሞችን ያሠለጥናል፣ አብዛኛውን በሽተኛ ቀድመው የሚያዩትን ነርሶች ያማክራል። በሽተኛው ጠቅላላ ሐኪሙንና ስፔሻሊስቱን በአንድ ስም ቢጠራቸውም መዝገቡ ግን ለይቶ ያስቀምጣቸዋል።

ኢትዮጵያ ዘርፉን የጀመረችው ዘግይታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመት ሥልጠናውን እ.ኤ.አ. በ2013 በሰባት ሬዚደንቶች ከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹም በ2016 ተመረቁ።

ወደ ጆሃንስበርግ እንመለስና፣ መሐል ከተማው ላይ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በተባለው በቀድሞው ጄፒ ጎዳና፣ ሜዲካል አርትስ የሚባል ሕንፃ ቆሟል። ስሙ እንደሚናገረው የሐኪሞች ክፍሎች የነበሩበት ነው። ዛሬ ግን በሱቆቹ ልብስ፣ ብርድ ልብስና ቡና የሚሸጡት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ናቸው። አማርኛ በሚሰማበት በዚያ ሰፈር አማርኛ የሚችል የተመዘገበ ሐኪም ምን ያህል እንደሚጠቅም የታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

አገር ቤት ኢትዮጵያ የተማረ ሐኪም እዚህ ደቡብ አፍሪካ ለመሥራት ሲመጣ ዲግሪው ከሰጠው ተቋም በቀጥታ ይጣራል። ከዚያ የመልካም ሙያ ሥነ ምግባር ማስረጃና የጤና መምሪያው የውጭ ባለሙያዎች ክፍል ድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ በጽሑፍና በተግባር የሚሰጠውን የምክር ቤቱን ፈተናም ማለፍ አለበት። አልፎም በመጀመሪያ የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት ተቋም ብቻ እንዲሠራ ነው። የስፔሻሊስት ወረቀት ያለውም በራሱ ስፔሻሊስት ሆኖ አይመዘገብም፤ ሥልጠናው ተገምግሞ ነው። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን የሚያጓትተው የሰነድ መጓደል እንጂ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ስለዚህ ወደዚህ የማቅናት ሐሳብ ያለው ተመራቂ ትራንስክሪፕቱን፣ የኢንተርን ማስረጃውንና የሥራ ፈቃዱን ታሪክ ገና አገር ቤት ሳለ፣ ማኅተሙ ሳይጎድል፣ ይያዝ።